የጋራ ሣጥን

«ሥራሽ የት ነው?» ብለው ሰዎች ሲጠይቁኝ፣
«ደመና ላይ» ብዬ ስንቴ ሳቁብኝ።
እናቴማ ትላለች፦ «ደመናን አይቶ ገበሬ ይዘራል፤
ያንቺው ግን ሳይዘንብ በወር በወር ይታጨዳል።»

ማራኪ ግቢ ውስጥ፣ ከክሊኒኩ ጀርባ፣
በሯ በትከሻ የሚከፈት፣ ክረምት ጎርፍ የሚገባ፣
አንዲት ክፍል አለችኝ፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ማሳያ፣
ኬብሎቿ ለአይጥ ጎሣ መሸጋገሪያ።
ከዚያች ሆኜ እጠብቃለሁ ሦስት መቶ አርባ በር፤
ማን እንደ ገባ፣ ማን እንደ ወጣ፣ ማን ቁልፉን ረስቶ እንደሚያድር።
መምህር ልየው «ቃሉ ዛሬም እምቢ አለኝ» ይላል ደውሎ፣
ቃሉን ማሳያው ግንባር ላይ በወረቀት ሰቅሎ።
የሁሉን በር እከፍታለሁ፤ የማንንም ቤት አላይም።
ሥልጣኔ ይፈቅዳል፤ ዓይኔ ግን አይገባም።

አቶ ማንደፍሮ በሰኔ አረፉ።
የንብረት ክፍሉ ሹም፤ ሲናገሩ ቃል የሚቆጥቡ፣
ለአንዲት ምስማር ሁለቴ አስፈርመው የሚመዘግቡ።
በአሥራ አምስተኛው ቀን ወይዘሮ ጥሩዓለም፣
ከፋይናንስ ጻፈችልኝ፤ ክፋት እንኳ የላትም፦
«ፈቃዱ በዶላር ነው፣ በነፍስ ወከፍ የሚገዛ፤
ነፍሱ ለሄደችበት ማን ይክፈል እንደ ዋዛ?»

«ይሰረዝ?» አለኝ ሥርዓቱ። «እርግጠኛ ነዎት?»
አንቱ ብሎ ነው የሚጠይቅ፣ በለቅሶ ቤት ጨዋነት።
ጠቅ አደረግሁ። ስማቸው ከሰልፉ ወጣ።
የጣሉትን ቅርጫቱ ሠላሳ ቀን ያቆያል፤
ከዚያ ወዲያ መቃብሩ ራሱ ይጠፋል።
የደመናው ሕግ ነው፤ ለአርባው እንኳ አያደርስ፣
ፍታት የለ፣ ቄስ የለ፣ ተዝካር የማይደገስ።

ሐምሌ። ጉሙ ከጎሃ ወርዶ ግንቡን አለበሰው፤
የኔ ደመና ሌላ ነው፤ ዝናብ የለው፣ ሰማይ የለው።
ቅዳሜ ሌሊት መብራት ሄደ።
ጄኔሬተሩ ሁለቴ ሳለ፣ አጉረመረመ፣ ቆመ።
ጋሽ ፈንቴ በባትሪ ጋኑን ቢያይ፣ ከደረቀ ከረመ።
የክትባቱ ማቀዝቀዣ በላብ ተጠመቀ፤
ናፍጣ ፍለጋ ባጃጁ አዘዞ ዘለቀ።

እኔ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ፦ ማን ነበር የሚያስታውሰን?
ዓርብ ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ስድስት ዓመት ሳይዛነፍ፣
«ናፍጣው ይታይ» የምትል መልእክት በስልካችን ስታልፍ፣
የማሽን ትመስለን ነበር። ለካ እሳቸው ናቸው፤
ሁለት ዓርብ አስታወሱን ከመቃብራቸው።
እስክሰርዛቸው ድረስ።

ሃያ ስድስት ቀን ሆኗል፤ በጣቴ ቆጠርሁ፣
መብራቱ እንደ መጣ ቅርጫቱን ከፈትሁ።
ለመመለስ ሲሆን «እርግጠኛ ነዎት?» አይልም።
አንዴ ብቻ ነካሁት።
መጡ፤ ከነፎቷቸው፣ ከነተጣመመው ከረባታቸው፣
ያልተከፈተ መልእክት፣ ዘጠና ሰባት፣ ታቅፈው።
ከሁሉ በላይ ያለው፣ ለመላው ሠራተኛ የተላከ፣
የራሳቸው መርዶ። እንዳልተነበበ፣ እንደ ተላከ።

ጥሩዓለም ጠራችኝ። «ፈቃዱስ?» «አይፈልግም» አልኋት፤
«የጋራ ሣጥን አደረግኋቸው፤ ለጋራ ሣጥን ክፍያ የለበት።»
«ማን ሊከፍተው?» «ሁላችንም።»
መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገችው፤ መልሳ አላደረገችውም።

ዓርብ። ዘጠኝ ሰዓት። ዝናቡ ቆም ብሏል።
ከሬጅስትራር እስከ ዋናው በር ኪስ ሁሉ ጮኋል።
ማንም ምንም አላለም።
ጋሽ ፈንቴ ስልኩን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አነበበ፣
ቆቡን አወለቀ፣
ከዚያ ጃሪካኑን አነሣ።